ጭራ ያለው ፊርማ

ሰኞ 3

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የማታ ትምህርት ቤት መምህሬ ናት። ከክፍሉ አንደኛ ስለወጣሁ ነው። አንደኛ የወጣነው አራት ነን፤ ሦስቱን እዚህ መጥቀስ አስፈላጊ አይደለም። “በየቀኑ ይጻፉበት፤ ፊደል እንደ ቢላ ነው፣ ካልተሳለ ይዶለዱማል” አለችኝ። በዚህ ዓለም ላይ አንቱ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ “አንተ!” ሲባል ዞር ያልኩ ሰው፣ አንቱ የተባልኩ ቀን ከኋላዬ ማን ቆሞ ነው ብዬ ነበር የዞርኩት።

ገጾቹን ሁሉ በቀይ ቀለም ቁጥር ሰጥታቸዋለች፤ ከአንድ እስከ ስልሳ። ተማሪ ስህተቱን ሲያይ ገንጥሎ ይጥላልና፣ እንዳንገነጥል ነው። እኔ እንኳ ስህተት ስለማልሠራ አይመለከተኝም።

እንግዲህ ስለ ራሴ። የምሠራው ቆዳ ፋብሪካ ነው። ጥሬው ቆዳ ጨው ተነስንሶበት ይመጣል፣ ኖራ ገንዳ ውስጥ ይነከራል፣ ፀጉሩ ይለቃል፣ ከዚያ ወደ መፋቂያው ማሽን ይሄዳል። እኔ እርጥቡን ቆዳ በጋሪ እገፋለሁ። ሽታውን መጻፍ የሚችል ፊደል ገና አልተማርኩም። ግን በአውቶቡስ ስሳፈር ወንበር አጥቼ አላውቅም፤ ከጎኔ ያለው ሰው ራሱ ተነስቶ ቆሞ ይሄዳል። ሚኒስትር እንኳ እንዲህ አይከበርም።

መፋቂያው ላይ የሚሠራው ጋሼ ነው፣ ታላቅ ወንድሜ። ማሽኗን “ጅቢት” ነው የምንላት። ቆዳው ላይ የቀረውን ሥጋና ስብ ሁለት ጥርሳም ብረቶቿ እየተሽከረከሩ ይግጡታል። ፊቷ ላይ እጅ እንዳይገባ የሚከልል ብረት አለ። መከላከያ ይባላል። እሱ ለእያንዳንዱ ቆዳ ሲነሳና ሲወርድ ሥራ ይጓተታል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አለቃችን ገና ከበሩ “የጅቢትን አፍ ክፈቱላት” ይላል፤ ቀድሞ የገባ ሰው መከላከያውን ወደ ላይ አንስቶ በጠፍር ያስረዋል። ማታ ይፈታል። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚገባው ደግሞ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ራስን ማመስገን ደስ አይልም። የእኔን ቋጠሮ ከእኔ በቀር የሚፈታ የለም፤ ሌሎቹ በጥርሳቸው ይሞክራሉ።

ማክሰኞ 4

ፊርማ ተለማመድኩ። የመጀመሪያ ፊደሌን ጀምሬ፣ ሁለት ጊዜ አዙሬ፣ ጭራዋን እንደ አውራ ዶሮ ወደ ላይ ቀለበስኩት። ጋዜጣ ላይ፣ በሩ ላይ፣ የወንድሜ ሚስት ጀሪካን ላይ ሳይቀር ፈረምኩ። ፋብሪካ ውስጥ ሁሉም በአሻራ ነው። እኔም እስከ አምና በአሻራ ነበርኩ። አሁን አውራ ጣቴ ጡረታ ወጥቷል።

“ፕሮፌሰር” ይሉኛል። እየቀለዱ ነው። ይቀልዱ፤ ማዕረግ ማዕረግ ነው።

ሐሙስ 6

ጋሼ። ቀኝ እጁ። ጅቢት።

ሐኪም ቤት ወስደውታል። እኔን ለወረቀት አስቀሩኝ።

ዓርብ 7፣ ምሳ ሰዓት

እጁን አላዳኑትም። ከአንጓው ላይ ቆረጡት።

የትናንቱን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ መምህሬ ቅደም ተከተል ትወዳለች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ቆዳ ተጣጥፎ ገባ፣ ጋሼ ሊያቃናው እጁን ሰደደ፣ ጅቢት ጓንቱን ያዘች። ጮኸ አልልም። “ዝጉ” ነው ያለው፣ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ብርድ ገባ በር ዝጉ እንደሚል ሰው።

ጋሼን የጫነው መኪና ከግቢው ሳይወጣ ጅቢትን በውሃ አጥበው አስነሷት። እጣቢው በጫማዬ ሥር አለፈ። ኖራ ገንዳው ጠርዝ ላይ አስታወክሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የገማ ቆዳ ሲገፋ አንድ ቀን ያላስታወከው ሰውዬ።

ከዚያ ሽቶ ወደ ቢሮው ጠራን። ሽቶ አለቃችን ነው። የቆዳውን ግማት በሽቶ አባርራለሁ ብሎ ስለሚርከፈከፍ ከኋላው እንደዚያ እንለዋለን፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ከሁለቱም ይብሳል። አምስት ሆነን ገባን። ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ወረቀት፣ ከጎኑ የአሻራ ቀለም። “ለመድን ነው፣ ጓደኛችሁ ቶሎ እንዲታከም፣ አሳርፉ” አለ። አራቱ አውራ ጣታቸውን እየነከሩ አሳረፉ። ተራዬ ሲደርስ ቀለሙን በሁለት ጣቴ ገፋ አድርጌ እስክሪብቶ ጠየቅኩ።

ሽቶ ራሱ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። “ፕሮፌሰር፣ አንተማ አንብበህ ነው የምትፈርመው” አለ። ሁሉም ያዩኛል። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እንደ ዳኛ አየሁት። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። አንድ ቦታ ላይ ራሴን ነቀነቅኩ። “የአደጋ ሪፖርት” የሚለውን በደንብ አንብቤዋለሁ። ከዚያ በታች ያለው ደቃቅ ነበር፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ፤ ሰውም ይጠብቃል። ፈረምኩ። ጭራዋ አማረች።

“እጅህ ይባረክ” አለኝ ከአራቱ አንዱ። በዚያ ቀን።

እስክሪብቶዋን መልሰህ አምጣ አላለኝም። ይህን የምጽፈው በእሷ ነው። ሽቶ ሽቶ ትላለች።

ሰኞ 10

ጋሼ ነጭ አንሶላ ላይ ተኝቷል። ሚስቱ አልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሱሪ ትጠቅማለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ባል ቢቆረጥም የደንበኛ ቀጠሮ አይቆረጥም።

ፋብሪካው ከረባት ያሰረ ሰው ልኮ ነበር። በሽተኛ ጠያቂ መስሎኝ ወንበር ለቀቅኩለት፤ ለካ የመጣው ጥያቄ ይዞ ነው። “መከላከያውን ማን አነሳው?” አለው። ጋሼ ወደ እኔ አየ፣ “አላስታውስም” አለ። ሰውዬው ደስ ብሎት ጻፈ።

እኔ መስኮቱን ነበር የማየው። ውጭ አንዲት ድመት ነበረች።

ጋሼ ግን ሕፃን ሆነን የወሰድኩበትን ብይ እስከነ ቀለሙ የሚያስታውስ ሰው ነው። መድኃኒቱ አደንዝዞት ይሆናል።

ረቡዕ 12

ጅቢት ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። መከላከያው ወርዷል። ሽቶ ጠፍሩን በቢላ በጥሶ ኖራ ገንዳ ውስጥ ጣለው። ቋጠሮው እንዳለ ነው የሰጠመው።

ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም አስጽፏል። ሰዎቹ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። “መከላከያ ማንሳት በጥብቅ ክልክል ነው” ብዬ አነበብኩላቸው። ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ ይንጠባጠባል። ኖራ ገንዳው ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” አሉና ምራቃቸውን ተፉ። የተፉት ወደ ግድግዳው ነው። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ነበር።

ሰኞ 17

ተሾምኩ! ጋሪ ቀረ። ከዛሬ ጀምሮ የመጋዘን መዝጋቢ ነኝ፤ ስንት ቆዳ ገባ፣ ስንት ቆዳ ወጣ። ወንበር አለኝ። አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ቢሆንም ወንበር ነው። ቁጥር ስለምችል ሥራው ቀላል ነው፤ ፊደል ያለበት ቦታ ላይ የትናንቱን አይቼ እገለብጣለሁ።

ሽቶ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ “የተማረ ሰው ጋሪ ሲገፋ ደስ አይለኝም” አለኝ። ሲወጣ ደግሞ ከበሩ ዞር ብሎ “በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም” አለ። መጋዘኑ እውነትም ዝንብ አለበት። ምክር መሆኑ ነው።

ቤት ገብቼ ስነግራቸው የወንድሜ ሚስት እንኳን ደስ ያለህ አላለችም። ምቀኝነት አልላትም፤ ደክሟት ይሆናል።

ሐሙስ 27

ጋሼ ቤት ገባ። በግራ እጁ ሸሚዙን ሊቆልፍ ይታገላል። ልርዳህ ስለው “ተወኝ” አለ። አምስተኛው ቁልፍ ላይ ሲደርስ አንደኛውን መዝለሉን አየና ሁሉንም ፈታ።

የሌለው እጁ ይበላዋል። መዳፉ ላይ ነው አለ። ምኑን እንከክለት?

ሳሙና ጨረስኩ። እጄን ታጥቤ ታጥቤ እስክሪብቶዋን ስይዛት ያው ነው።

ሐሙስ 4፣ አዲስ ወር

የማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ። የወንድሜ ሚስት “አንተ ፊደል ታውቃለህ፣ አብረኸኝ ና” ስላለችኝ ፈቃድ ወሰድኩ። ሽቶ ፈቃዱን ሲሰጠኝ ወዴት ነው ብሎ አልጠየቀም።

እስከ ቀትር አግዳሚ ላይ። ከፊታችን የተሰለፉት ሁሉ አንድ ነገር የጎደላቸው ናቸው፤ እግር፣ ዓይን፣ ባል፣ ወረቀት። ወረቀት የጎደላቸው ቶሎ ይባረራሉ። የግድግዳው ቀለም ሰው በተደገፈበት ልክ ወዝቷል። አጠገቤ ያለው ሰው ቁስሉን ለማላውቀው ለእኔ ገልጦ አሳየኝ፤ ምን ብዬ እንደማመሰግነው ጠፋኝ።

መርማሪዋ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ፊቷ የደረቀ ኖራ ነው፤ ቢነኩት የሚፈረፈር። ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ካሳም የጉዳት አበልም እንደማይፈቀድ ነገረችን። ሠራተኛው የአለቃውን ትእዛዝ ጥሶ መከላከያውን በገዛ እጁ አንስቷል ተብሎ ተመዝግቧል፤ እንዲህ ከሆነ ሕጉ አይከፍልም።

“ማን ነው እንዲህ ያለው?” አለች የወንድሜ ሚስት።

“ምስክሮች፤ አምስት ናቸው።” ወረቀቱን ወደ እኛ አዞረችው። “አራቱ በአሻራ ነው። በአሻራ ለሚያረጋግጥ ሰው ወረቀቱ ገለልተኛ ሰው ባለበት ሊነበብለት ይገባል። አልተነበበም፤ እነዚህን እጥላቸዋለሁ። አምስተኛው ግን ፈርሟል። የፈረመ ሰው አንብቦ እንደፈረመ ነው የሚቆጠረው። ፋይሉን የዘጋባችሁ ይህ አንድ ሰው ነው።”

“ማን ይባላል?”

“ስሙ አልተተየበም። ፊርማው ደግሞ ከማጌጡ ብዛት አይነበብም።”

ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ አየኋት። ከአራት ጥቁር አውራ ጣቶች መሃል ጭራዋን ቀልብሳ ቆማለች።

መርማሪዋ እንደምትለው ፈራሚው ራሱ ቀርቦ ሳላነብ ነው የፈረምኩት ካለና ማስረጃ ካመጣ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። የመጨረሻው ቀን የሚመጣው ወር 3 ነው። ከዚያ በኋላ የለም።

የወንድሜ ሚስት ወረቀቱን ብዙ አየችው። ፊደል የማያውቅ ሰው ወረቀት ሲያይ እንዲሁ ነው፣ እንደ ሥዕል ያየዋል። ውጭ ስንወጣ “ሁሉን አነበብከው?” አለችኝ። ከሩቅ አይታይም አልኳት።



ሰኞ 8

የወንድሜ ሚስት ጀሪካኑን በአሸዋ ፈግፍጋ ፊርማዬን አጠፋችው። በሩን ደግሞ በቢላ ፋቀችው። ንጽሕና አበዛች።

ረቡዕ 10

ዛሬ ከመጋዘን ስወጣ ሁለት ሰዎች ኖራ ገንዳው ጋ ያወራሉ። “ወንበሩን በምን ገዛው?” ይላል አንዱ። “በእጅ” አለ ሌላው። ሳቁ። ሲያዩኝ ወደ ገንዳው ዞሩ።

አልገባኝም።

ገብቶኛል።

እሑድ 14

ትናንት እትዬ መጣች፣ ታላቅ እህታችን። የምንኖርባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት የአባታችን ናት። ኑዛዜ አልተወም፤ ሦስታችን እኩል ወራሾች ነን። እትዬ ገና ሳትቀመጥ፣ ከእንግዲህ ሥራ የለም፣ አበልም ከለከሉ፣ ቤቱን ማን ያቆመዋል፣ ይሸጥና ሁሉም ድርሻውን ይያዝ አለች። ባሏ ገዢ አግኝቷል። እስከ ዝናቡ መውጫ ማንም አይነካችሁም ብላ ማለች። ስትምል ደግሞ እንባዋ መጣ። እንባዋ እውነት ነው፤ እሱ ነው ያስጠላኝ።

ወረቀቱን አወጣች። ጋሼ ግድግዳውን አየ። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም።

“አንተ ልጅ፣ የተማርከው አንተ ነህ፣ ቀድመህ ፈርም” አለችኝ እትዬ።

እስክሪብቶዋን አወጣሁ። ሽታዋ መጣ። እስክሪብቶዋን መልሼ ኪሴ ከተትኩና ወረቀቱን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ “ልስማው” አልኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጣቴን እያስከተልኩ፣ እየተንተባተብኩ፣ እየተመለስኩ። አንድ ቃል ላይ ቆሜ ላቤ መጣ። እትዬ ሦስት ጊዜ ተነፈሰች፣ ሁለት ጊዜ “በቃ ነገርኩህ እኮ ምን እንደሚል” አለች። እኔ ቀጠልኩ። ሰባተኛው መስመር ላይ ገዢው ማን እንደሆነ አገኘሁ፤ ባሏ ራሱ ነው። ዘጠነኛው ላይ ደግሞ ነዋሪዎቹ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቤቱን ለቅቀው ይወጣሉ ይላል። ዝናቡ መች ይወጣል? ገና አልገባም።

እትዬ ጸሐፊው ነው የጨመረው አለች። ወረቀቷን ቀምታኝ፣ ሻርፗን አጥብቃ፣ “ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ እኔ ባልቆርጠው ሌላ ይቆርጠዋል” ብላ ወጣች።

እኔ ጀግና ነበርኩ። ደረቴን ነፍቼ ዞር ስል የወንድሜ ሚስት መኪናዋን አቁማለች። ጭኗ ላይ ያለቀ ሱሪ አለ።

“ስትጀምር ይህ ሱሪ ጨርቅ ነበር” አለችኝ። “ያንን የፋብሪካውን ወረቀት ስትፈርም ስንት ሱሪ ይሰፋ ነበር?”

እስክሪብቶዋ ያለችበትን ኪስ በእጄ ሸፈንኩ።

“ፊርማህን እዚያው ቢሮ አወቅኩት። ጀሪካኔ ላይ ስንት ቀን ያየሁት ነው። ራስህ እስክትናገር ብዬ ጠበቅኩህ።” ድምፅዋ እንኳ ከፍ አላለም። “አንተ እሱን አላነበብከውም። ሂድና አላነበብኩም በል። ከዚህ ሌላ የምጠይቅህ የለኝም።”

ጋሼ ከግድግዳው ዞረ። እሱ ስለ ፊርማው የሰማው ገና አሁን ነው። ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስድብ ቢያንስ ያልቃል።

“ያን ቀን ጠዋት ቋጠሮህን አይቼ ነው ሥራ የጀመርኩት” አለኝ። “ሐኪም ቤት ሲጠይቁኝ ስምህን ላለማንሳት አላስታውስም አልኩ። ቋጠሮህን አውቀው ነበር። ፊርማህን ግን አላወቅኩም።”

ከዚያ እራት በላን። አንድም ሰው አልተጣላም። ጋሼ በግራ እጁ ጎርሶ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ፤ ሚስቱ በክንዷ ጠረገችለት። እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ ሁሉ የገማ መሰለኝ።

ሐሙስ 18

ሽቶ ጋ ገባሁ። ወረቀቱን ሳላነብ ነው የፈረምኩት፣ እውነቱን ልናገር ነው አልኩት። በርትቼ ነው ያልኩት።

አልተቆጣም። ሳቀ። በሩን ዝጋ አለኝ።

“እሺ፣ ማንበብ አልችልም ትላለህ። የት ነው የምትሠራው? መጋዘን። ምን ሆነህ? መዝጋቢ። ማንበብ የማይችል መዝጋቢ አለ?” ወደ እኔ ጠጋ አለ፣ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። “ደግሞ መከላከያውን ያሰረው ማን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ። ወንድምህን የበላው የአንተ ቋጠሮ ነው። ይህንንስ ትናገራለህ?”

ወንበሩን ለምን እንደሰጠኝ ያኔ ነው የገባኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ነው። የተሰጠኝ ቀን ነው የገባኝ።

ሰኞ 22

መምህሬ ጋ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳት፣ ወደ መሬት እያየሁ። አልሳቀችም። በፈተናው ቀን አንድ ገጽ ለማንበብ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንደፈጀብኝ መዝገቧ ላይ አሳየችኝ። አንደኛ ያወጣችኝም አንድ ቀን ስላልቀረሁ ነው።

መዝገቡን ይዤ ልቅረብ አለች፣ ግን መምህርቷ ለተማሪዋ አደላች ቢሉስ? “ራስዎ የጻፉት ነገር የለም? በዚያ ሰሞን፣ በራስዎ እጅ?”

የለም አልኳት።

ደብተሩ ብብቴ ሥር ነበር።

ረቡዕ 1፣ ሦስተኛው ወር

ከገጽ አንድ ጀምሬ አነበብኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ አስቀድሜ አነብባለሁ ያልኩት ሁሉ ውሸት መሆኑን በዚህ ተረዱት።

የጅቢትን አፍ ክፈቱላት የሚለው አለ፣ ከአደጋው ሦስት ቀን በፊት የተጻፈ። ቋጠሮው አለ። ጉንዳኑ አለ። መዝጋቢ ሆኜ የትናንቱን እንደምገለብጥ አለ። ድመቷ አለች። መስኮት ውጭ ድመት አልነበረችም፤ መስኮቱም የሚያሳየው ግድግዳ ነበር።

ከዚህ ደብተር ላይ ሰው ያላዋረድኩበት ገጽ ባገኝ ብዬ ፈለግኩ። ጓደኞቼን፣ እህቴን፣ ቁስሉን ያሳየኝን ምስኪን፣ የወንድሜን ሚስት። ምቀኝነት አልላትም ብያለሁ፤ ለመሆኑ ምኔን ትመቀኛለች? ሰውን ሁሉ ገማ ገማ ስል ሽታው ከየት እንደሚመጣ አጥቼው አይደለም።

መጀመሪያ አንድ ሁለት ገጽ ልገነጥል አሰብኩ። የመርማሪዋን ፊት የጻፍኩበትን ብቻ። ቀዩ ቁጥር ከታች ያየኛል፤ 18፣ 19፣ 20። 19 ከሌለ ሁሉም የለም።

መምህሬ ይህን አስባ ነው የቆጠረችው? አይመስለኝም። እሷ የፈራችው የፊደል ስህተት ነው።

ዓርብ 3

የምጽፈው ከመርማሪዋ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው። አንድ ደቂቃ ስጡኝ ብያታለሁ፤ “ይጻፉ፣ ግን ሰልፉን ያስቡ” ብላኛለች።

ጠዋት የሽቶን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ። አንድም ቃል አልተናገርኩም። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ወንበሩን ሌላ ሰው ይቀመጥበት፤ አጭሩ እግር የግራው ነው።

ጋሼና ሚስቱ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ናቸው። መምህሬም መዝገቧን ይዛ መጥታለች። ሁሉም በሰሙበት፣ መከላከያውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ያሰርኩት ሁልጊዜ እንደምናስረው በአለቃችን ትእዛዝ ነው፣ ወረቀቱን የፈረምኩት ሳላነብ ነው፣ ያላነበብኩት ስለማልችልና ስላፈርኩ ነው አልኩ። መርማሪዋ “ስላፈርኩ የሚለውን ልጻፈው?” አለችኝ። ይጻፉት አልኳት።

ቃሌን ተይባ ሰጠችኝ፤ “አንብበው ይፈርሙ።” አንድ ገጽ ናት። ጣቴን አስከትዬ፣ ጮክ ብዬ፣ ከላይ ጀመርኩ። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ “ሰውዬው እዚህ ሊማር ነው እንዴ የመጣው?” አለ፣ ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። ክራንች የያዘች አንዲት ሴት “ተዉት፣ ያንብብ፤ የቸኮለ ሰው ነው እዚህ ያደረሰን” አለች። ቀጠልኩ። “ሆን ብሎ” የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ ወደኋላ ተመለስኩ። “ሆን ብሎ አይደለም” ነው የሚለው። ጨረስኩት።

ፈረምኩ። ስሜን ብቻ ነው የጻፍኩት፣ ፊደል በፊደል። ጭራ የለውም። ማንም ያነበዋል።

ደብተሩን ሰጠኋት። ገጽ ሁለትን አነበበች፣ ቀኑን አየች፣ ከሪፖርቱ ቀን ጋር አስተያየች። ከዚያ ገጽ ሰባትን። የአምስተኛውን ምስክር ፊርማ በማስመሪያ ሰረዘችው፤ አንድ ቀጭን መስመር፣ ጭራዋን ጨምሮ። ፋይሉ ላይ “እንደገና ይታይ” የሚል ማኅተም መታች። ፋብሪካው ሰው ይላክበታል፣ አራቱ አሻራዎችም ተጠርተው ይነበብላቸዋል አለች። ይከፈላል አላለችም። ተዘግቶ የነበረው ተከፍቷል ነው ያለችው። ስለ ቋጠሮው እኔም እጠየቃለሁ። ልጠየቅ።

ዞር ስል ጋሼ ማኅተሙን ያያል። ሚስቱ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ እኔን ታያለች። በቂ ነው።

ደብተሩ ማስረጃ ስለሆነ እዚህ ይቀራል፤ ይህን እስክጽፍ ብቻ ነው መልሳ የሰጠችኝ። “ፋይሉ ሲዘጋ ይመለስልዎታል” አለችኝ። ይመለስልዎታል። በዚህ ዓለም ላይ አንቱ የሚሉኝ ሁለት ሆኑ፤ ሁለቱም ማንበብ እንደሚከብደኝ የሚያውቁ ናቸው።

የምጽፍበት እስክሪብቶ የቢሮው ነው፣ እንዳይሰረቅ ከጠረጴዛው ጋር በክር ታስሯል። ቋጠሮው ልፍስፍስ ነው። አልነካሁትም።

እንግዲህ መርማሪዋ፣ ይህን ከአሁን በኋላ የሚያነቡት እርስዎ ነዎት። ገጽ 19 ላይ ስለ እርስዎ ፊት የጻፍኩት አለ። አልገነጠልኩትም።